የኤሌክትሪክ ጎማ መንፊያ በደጋ አገር፤ ነጋዴው ከመግዛቱና ከመሸጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

ቢስክሌት ሰውንና ዕቃውን ተሸክሞ እንዲሄድ የተሠራ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከጋሳይ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚመጣ ሰው በእኩል መንገድ ላይ ጎማው የተነፈሰበት እንደ ሆነ፣ ነገሩ ይገለበጥና ባለቤቱ ተሸካሚ፣ ቢስክሌቱ ጭነት ይሆናል። ጎሚስታ በማይገኝበት፣ የኮምፕሬሰር ድምፅ በማይሰማበት ስፍራ ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ በአሁኑ ጊዜ ወደ አገራችን የሚገባ አንድ አነስተኛ ዕቃ አለ። እርሱም በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጎማ መንፊያ ነው።

ዕቃው መልካም ነው፤ ገበያም ሊያገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ በካርቶኑ ላይ የታተመው ቍጥር ሁሉ ለደቡብ ጎንደር ደጋ ታስቦ የተጻፈ አይደለም። ፋብሪካው መሣሪያውን የሚፈትነው በአብዛኛው ዝቅተኛ በሆነ አገር፣ አየሩ በጠነከረበት ቦታ ነው። ያንኑ ቍጥር እንደ ወረደ ለደጋ ገዢ የሚነግር ነጋዴ፣ ዕቃው ሳይበላሽ ስሙ ሊበላሽበት ይችላል። ስለዚህ አስመጪውም ባለ ሱቁም ነገሩን አስቀድመው ተረድተው ለገዢው እውነተኛውን እንዲነግሩ፣ የመሣሪያውን ጠባይ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ነፋስን አስገድዶ በጠባብ ቀዳዳ ማሳለፍ ለአገራችን ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። ቀጥቃጮች ከጥንት ጀምሮ እሳታቸውን የሚያበረቱት በወናፍ ነው። መሣሪያን ከአገሩ ጠባይ ጋር ማስማማትም ለደብረ ታቦር እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማይቱ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ባሠሩ ጊዜ፣ መድፉን ማሠራት ብቻውን አልበቃም፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እስኪደርስ ድረስ በገደሉና በዳገቱ መንገድ ማስጠረግ አስፈልጓል። ዛሬ የምንናገርለት ዕቃ በኪስ የሚገባ ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው፤ መሣሪያን ለማዘዝ የሚሠራበትን አገር ማወቅ ይቀድማል።

የመሣሪያው ዐይነትና አሠራር

በመንፊያው ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ሞተር አለ። ሞተሩ ፒስቶኑን በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ከውጭ አየር ይስባል፤ ወደ ፊት ሲሄድ የሳበውን አየር ጨምቆ በቱቦው በኩል ወደ ጎማው ይልከዋል። የገባው አየር ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክሉ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉት። አብዛኛዎቹ የግፊት መለኪያ ስላላቸው፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ቍጥር አስቀድሞ ቢሞላ መሣሪያው እዚያ ሲደርስ በራሱ ይቆማል።

በኃይል ምንጫቸው ረገድ መንፊያዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የራሱ ባትሪ ያለው ነው። ሁለተኛው ከመኪና ባትሪ በሽቦ 12 ቮልት እየወሰደ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው በ220 ቮልት መስመር የሚሠራው የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ነው። ባለ ቢስክሌት በመንገድ ላይ መኪናም የኤሌክትሪክ መስመርም ስለማይኖረው ለእርሱ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ለባለ መኪና ይስማማል፤ የባጃጅ ባትሪም 12 ቮልት ስለ ሆነ መቈንጠጫ ያለው ሽቦ ከተገኘ ለባጃጅ ነጂም ሊያገለግል ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው በተለይ ስለ መጀመሪያው ነው።

የደጋው አየር የሚያመጣው ለውጥ

አየር ክብደት ያለው ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ የቆመ ሰው በላዩ የተከመረው አየር ሁሉ ይጫነዋል። ወደ ተራራ በወጣ ቍጥር ግን ከበላዩ ያለው አየር እያነሰ ስለሚሄድ ግፊቱ ይቀንሳል፤ አየሩም ይሣሣል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በባሕር ዳር ወደ 81 ተኩል ይወርዳል። 2,700 ሜትር ገደማ በሆነችው በደብረ ታቦር 73 ያህል ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ በምትገኘው በነፋስ መውጫ ደግሞ ወደ 69 ይጠጋል።

መንፊያው በያንዳንዱ ምት የሚስበው ስፍር አንድ ነው፤ ሲሊንደሩ አይሰፋም፣ አይጠብም። የሚለያየው በዚያ ስፍር ውስጥ የሚገኘው የአየር ብዛት ነው። ነገሩ በቁና እህል እንደ መስፈር ነው። ቁናው አንድ ቢሆንም፣ አንዱ ጠቅጥቆ ሌላው አላልቶ ቢሰፍር፣ ጎተራውን ለመሙላት የሚያስፈልገው የቁና ብዛት እኩል አይሆንም። የደጋ አየር አላልቶ እንደሚሰፍር ቁና ነው።

ይህን በቍጥር እንመልከተው። 28 በ1½ ኢንች የተባለው የተለመደው የከተማ ቢስክሌት ጎማ በውስጡ 2.7 ሊትር ያህል ስፋት አለው። ይህን ጎማ እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. ለመንፋት ከውጭ መሳብ ያለበት አየር በባሕር ጠለል 9.2 ሊትር ነው፤ በባሕር ዳር 11.4 ሊትር፣ በደብረ ታቦር 12.8 ሊትር፣ በነፋስ መውጫ 13.5 ሊትር ይሆናል። በአንድ ምት 200 ሳንቲ ሜትር ኩብ በሚገፋ የእጅ መንፊያ ቢሠራ፣ በባሕር ጠረፍ 46 ጊዜ መግፋት የሚበቃው ሰው በደብረ ታቦር 64 ጊዜ መግፋት አለበት። ኤሌክትሪኩም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በባሕር ጠረፍ በ3 ደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ በባሕር ዳር በ3 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ፣ በደብረ ታቦር በ4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ፣ በነፋስ መውጫ በ4 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይጨርሳል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ፍጹም ለሆነ መሣሪያ ነው፤ በተግባር መዘግየቱ ከዚህም ጥቂት ይበልጣል። ምክንያቱም በፒስቶኑ ጫፍና በሲሊንደሩ ክዳን መካከል ምንጊዜም አነስተኛ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት የቀረው የተጨመቀ አየር ፒስቶኑ ሲመለስ ተስፋፍቶ ቦታ ስለሚይዝ ከውጭ የሚገባውን ያሳንሳል። የውጭው አየር በሣሣ ቍጥር ይህ ጕዳት ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 150 ፒ.ኤስ.አይ.» የሚል መንፊያ ወሰኑ የሚመጣው ከዚህ ክፍተት የተነሣ ከሆነ፣ በደብረ ታቦር ከ108 ገደማ ሊያልፍ አይችልም። ለተለመደው ቢስክሌት ይህ ችግር አይደለም፤ የሚፈልገው የዚህን እኩሌታ ያህል ነውና። ቀጭን ጎማ ላለው የእሽቅድምድም ቢስክሌት ግን ሊጐድል ይችላል፤ እንዲህ ላለው ገዢ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

የባትሪው ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ በሠራ መጠን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በዝቅተኛ አገር በአንድ ሙሊት አሥር ጎማ የሚነፋ መሣሪያ በደብረ ታቦር ሰባት ወይም ስምንት ቢነፋ ጕድለቱ የመሣሪያው አይደለም። ባለ ሱቁ «አሥር ይነፋል» ብሎ ከሸጠ ግን ጕድለቱ የባለ ሱቁ ይሆናል።

ስለ ሙቀት

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ይልቁንም ብዙ እጥፍ ሲጨመቅ ሙቀቱ ይበረታል። ጎማውን እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. ለመንፋት በባሕር ጠለል አየሩን 4.4 እጥፍ መጨመቅ ሲበቃ፣ በደብረ ታቦር 5.7 እጥፍ መጨመቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያው በደጋ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራቱ ብቻ ሳይሆን በያንዳንዱም ምት ይበልጥ ይሞቃል። የአገሩ ብርድ ጥቂት ቢረዳም ሙቀቱን ሁሉ አያስወግደውም። ከቱቦው ጫፍ ያለው የናስ መገጣጠሚያ እጅ ሊያቃጥል ስለሚችል ገዢው ይህን ሊነገረው ይገባል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ጽሑፍ ሳያርፍ ሊሠራ የሚችልበትን ጊዜ ይወስናል፤ በደጋ አገር ይህን ወሰን ማክበር የግድ ነው። አንድ ጎማ ከተነፋ በኋላ መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ ማሳረፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

መለኪያው የሚሳሳትበት ምክንያት

ከከፍታው ይልቅ ብዙ ጠብ የሚያስነሣው የቫልቩ ጉዳይ ነው። የቢስክሌት ቫልቭ ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው በመኪናና በሞተር ብስክሌት ላይ የሚታየው ሽሬደር ነው። ሁለተኛው በእሽቅድምድም ቢስክሌቶች ላይ የሚገኘው ቀጭኑ ፕሬስታ ነው። ሦስተኛው ደንሎፕ የሚባለው ሲሆን፣ ከሕንድና ከቻይና በሚመጡ ባለ 28 ኢንች ቢስክሌቶች ላይ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው። ስሙ በ1888 እ.ኤ.አ. በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋ የቢስክሌት ጎማ ካወጣው ከእንስሳት ሐኪሙ ከጆን ቦይድ ደንሎፕ የመጣ ነው።

የጥንቱ ደንሎፕ ቫልቭ በውስጡ ትንሽ የላስቲክ እጅጌ አለው። የሚነፋው አየር ላስቲኩን አስፍቶ ያልፋል፤ አየሩ ሊመለስ ሲል ላስቲኩ ቀዳዳውን ያጣብቃል። ይህ አሠራር ርካሽና በቀላሉ የሚጠገን ነው። ነገር ግን አየሩ ላስቲኩን ለማስፋት ትርፍ ግፊት ማውጣት አለበት፤ ያም ግፊት ወደ ጎማው አይገባም። የመንፊያው መለኪያ ደግሞ የሚለካው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር እንጂ በጎማው ውስጥ ያለውን አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው «50 ደርሻለሁ» ብሎ ሲቆም ጎማው ገና ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ላስቲኩ ባረጀና በደረቀ ቍጥር ልዩነቱ ይሰፋል።

ይህን የማያውቁ ሻጭና ገዢ ቢገናኙ እንዲህ ያለ ንግግር ቢሰማ አያስደንቅም፤ «ጋሼ፣ የሸጡልኝ ዕቃ ሐሰተኛ ነው፤ እርሱ አምሳ ይላል፣ ጎማው ግን ልፍስፍስ ነው።» ባለ ሱቁ ነገሩን ካልተረዳ ወይ ገዢውን ያስቀይማል፣ ወይ ደኅናውን ዕቃ እንደ ብልሹ ይመልሳል። የተረዳ እንደ ሆነ ግን፣ «ወንድሜ፣ ዕቃው አልዋሸህም፤ የለካው የቱቦውን አየር ነው። ቢስክሌትህን አምጣና ቫልቩን እንየው» ብሎ በሰላም ያሰናብተዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከሚፈለገው ጥቂት ከፍ ያለ ቍጥር ሞልቶ መንፋት፣ በየጊዜው እያቆሙም ጎማውን በአውራ ጣት በመጫን ማረጋገጥ ነው። ሰው በቢስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ምን ያህል እንደሚተኛም መመልከት ይጠቅማል። ሁለተኛውና የተሻለው የውስጡን ጎማ (ካላማዳሪያውን) ሽሬደር ቫልቭ ባለው መለወጥ ነው። የደንሎፕና የሽሬደር እግር ውፍረታቸው የሚቀራረብ ስለ ሆነ፣ ሽሬደር ያለው የውስጥ ጎማ በዚያው በቸርኬው ቀዳዳ ይገባል፤ ቸርኬ መብሳት አያስፈልግም። ለባለ ሱቁ ይህ መልካም የንግድ በር ነው። መንፊያውን የገዛ ሰው ሁለት የውስጥ ጎማ አብሮ ቢገዛ፣ መለኪያው እውነት ይናገርለታል።

ደግሞም የመንፊያው ቱቦ ጫፍ በአብዛኛው ለሽሬደር የተሠራ ነው። ከእርሱ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጣው የፕሬስታ መገጣጠሚያ ለደንሎፕም ይሆናል፤ የሁለቱ የላይኛው ጥርስ አንድ ነውና። ይህ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ናስ ከጠፋ፣ በደንሎፕ ቫልቭ ላይ መንፊያው ከነባትሪው ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አስመጪው መገጣጠሚያውን ለብቻው ተጨማሪ አድርጎ ቢያዝ ይበጃል።

ስለ ግፊት መጠንና ስለ ብርድ

ጎማ ምን ያህል መነፋት እንዳለበት በጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ወሰን ማለፍ አይገባም። አንዳንዱ በፒ.ኤስ.አይ.፣ አንዳንዱ በባር፣ አንዳንዱም በኪሎ ፓስካል ይጽፋል። 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ወይም 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። በባር ተሞልቶ የነበረን መለኪያ በፒ.ኤስ.አይ. መስሎት የሚያነብ ሰው ጎማ ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ ባለ ሱቁ ዕቃውን ሲያስረክብ መለኪያው በየትኛው እንደ ተሞላ ለገዢው ማሳየት አለበት።

ከባሕር ዳር ቢስክሌት ገዝቶ፣ ጎማውን እዚያው አስነፍቶ በመኪና ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣ ሰው በማግስቱ ጎማው ጐድሎ ቢያገኘው ቀዳዳ አለው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። እውነቱ ሌላ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ፣ በባሕር ዳር 50 የነበረው ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ በደብረ ታቦር 51 ያህል ያነብ ነበር። ነገር ግን በባሕር ዳር በቀትር በ27 ዲግሪ የተነፋ ጎማ በደብረ ታቦር ማለዳ በ9 ዲግሪ ቢለካ፣ ብርዱ አየሩን ስለሚያሰበስበው ወደ 47 ተኩል ይወርዳል። የከፍታው ትርፍ በብርዱ ኪሳራ ተበልጧል ማለት ነው። ስለዚህ ጎማ የሚለካው ቢስክሌቱ በሚነዳበት አገር፣ ከመነዳቱ በፊት በማለዳ ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ መሣሪያ የመኪና ጎማ መንፋትም ይቻላል የሚል ማስታወቂያ ብዙ ነው። ማድረግስ ይቻላል፤ ነገር ግን 30 ሊትር ያህል የሚይዝን የመኪና ጎማ ከባዶ እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ለመንፋት በደብረ ታቦር ከ90 ሊትር በላይ አየር መሳብ ያስፈልጋል። ይህም የሰባት ቢስክሌት ጎማ ያህል ነው። አነስተኛው መንፊያ የጐደለውን ለመሙላት እንጂ ባዶውን ለማንሣት አልተሠራም።

ስለ ባትሪው

የባትሪ ብርታት የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ እርሱም ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ በማባዛት ይገኛል። 7.4 ቮልትና 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 14.8 ዋት ሰዓት አለው። ሌላው ፋብሪካ ያንኑ ባትሪ በ3.7 ቮልት አስልቶ «4,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ዕጥፍ ብርታት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን እኩል ናቸው። አስመጪው ሁለት ዕቃዎችን ሲያወዳድር ዋት ሰዓታቸውን ይጠይቅ፤ በሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ አይታለል።

እንዲህ ያለውን ባትሪ 5 ቮልትና 2 አምፔር በሚሰጥ የተለመደ የስልክ ቻርጀር ሁለት ሰዓት ገደማ ይሞሉታል። የመብራት መስመር በሌለበት ገጠር ስልክ የሚሞላ የፀሐይ ኃይል ያለው ሰው መንፊያውንም በዚያው ሊሞላ ይችላል። ይህ ለደጋው ገበያ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መሞላት የለበትም፤ ይጐዳልና። በጉናና በጋይንት ወገን ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ከቤት ውጭ ያደረን መንፊያ ሳያሞቁ ከቻርጀር ላይ መሰካት አይገባም።

ባለ ሱቁም የራሱ ኃላፊነት አለበት። በመደርደሪያ ላይ ለብዙ ወራት ባዶውን የተቀመጠ የሊቲየም ባትሪ ሊሞት ይችላል። ዕቃው ሳይሸጥ ከቆየ በሦስት ወር አንድ ጊዜ እስከ እኩሌታው ሞልቶ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ያበጠ፣ የሸተተ ወይም ሲሞላ ከልክ በላይ የሚሞቅ ባትሪ ግን ለእሳት አደጋ ምክንያት ስለሚሆን በምንም ምክንያት መሸጥ የለበትም።

ለአስመጪዎች

በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ቍጥር 8414.20 ለእጅና ለእግር የአየር መንፊያዎች የተሰጠ ነው። ኤሌክትሪኩ መንፊያ በዚያው በ8414 ርዕስ ሥር ቢውልም በዚህ ንዑስ ቍጥር አይገባም። ለብቻው የሚመጣ የሊቲየም አዮን ባትሪ ደግሞ በ8507.60 ይመደባል። ሁሉንም «የቢስክሌት መለዋወጫ» ብሎ በአንድ መጻፍ በጉምሩክ መዘግየትን ያመጣል፤ ትክክለኛውን ቍጥር ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በማጓጓዝም ረገድ ባትሪው እንደ አደገኛ ዕቃ ይቈጠራል። ለብቻው የተጫነ የሊቲየም አዮን ባትሪ በተባበሩት መንግሥታት ቍጥር 3480፣ በመሣሪያው ውስጥ የተገጠመ ወይም ከመሣሪያው ጋር የታሸገ ደግሞ በቍጥር 3481 ይታወቃል። ለብቻው የሆነው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫን ተከልክሏል። አስመጪው ከሻጩ ፋብሪካ 38.3 የተባለውን የባትሪ ፈተና ማስረጃ ሳይቀበል ገንዘብ ባይልክ መልካም ነው።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ተመላሽ የሆነን ዕቃ በአዲስ መተካት በመጀመሪያ ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ከማዘዝ በፊት ጥቂት አስመጥቶ፣ በሚሸጥበት አገር ፈትኖ፣ ከዚያ በኋላ ማዘዝ የጥንቃቄ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ መፈተን ከፋብሪካው ቍጥር የተሻለ ቢሆንም፣ በነፋስ መውጫ የሚሸጠውን በነፋስ መውጫ መፈተንን የሚያህል የለም።

በሱቅ የሚደረግ ፈተና

ፈተናው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ቢስክሌት፣ አንድ ሰዓትና አንድ ለብቻው የሚሠራ የግፊት መለኪያ ይበቃል።

1ኛ፤ ባትሪውን እስከ መጨረሻው መሙላትና ሽሬደር ቫልቭ ያለውን ጎማ ፈጽሞ ማስተንፈስ።

2ኛ፤ መንፊያውን በ50 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ ሞልቶ ማስነሣትና እስኪቆም ድረስ የፈጀውን ጊዜ መጻፍ።

3ኛ፤ ጎማውን በሌላው መለኪያ መለካት። የሁለቱ ልዩነት ከጥቂት ፒ.ኤስ.አይ. ከበለጠ የመንፊያው መለኪያ የማይታመን ነው።

4ኛ፤ መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ አሳርፎ ይህንኑ ባትሪው እስኪያልቅ መደጋገምና ስንት ጎማ እንደ ነፋ መቍጠር።

5ኛ፤ ያንኑ መንፊያ ደንሎፕ ቫልቭ ባለው ጎማ ላይ ሞክሮ ስንት ላይ ቢሞላ ጎማው 50 እንደሚደርስ ማወቅ። የደንሎፕ ቫልቭን ከውጭ በትክክል መለካት ስለማይቻል በዚህ በአምስተኛው ላይ የሚታመነው አውራ ጣት ነው።

የተገኘውን ውጤት በወረቀት ጽፎ ከዕቃው አጠገብ መለጠፍ ይገባል፤ ለምሳሌ «በዚህ ሱቅ ተፈትኖ አንዱን ጎማ በ4 ደቂቃ ተኩል፣ በአንድ ሙሊት ሰባት ጎማ ነፍቷል» ቢባል፣ ገዢው ከካርቶኑ ይልቅ ይህን ያምናል። ቍጥሩ ከካርቶኑ ማነሱ ገዢ አያሸሽም፤ የተነገረውን ያህል ሆኖ ያገኘው ሰው ጎረቤቱን ይዞ ይመለሳል።

በመጨረሻም መንፊያ ቀዳዳ እንደማይደፍን ለገዢው መንገር ያስፈልጋል። በእሾህ የተበሳ ጎማ ቢነፋ ተመልሶ ይተነፍሳል። ስለዚህ ባለ ሱቁ ልጣፍ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ጎማ ማውለቂያ በአንድ ከረጢት አድርጎ አብሮ ቢሸጥ፣ ገዢው በመንገድ ላይ ችግሩን ሙሉ ለሙሉ ሊወጣ ይችላል። ጎሚስታውም ይህን መሣሪያ እንደ ጠላት ማየት የለበትም። በኮምፕሬሰሩ ፊት ተሰልፎ የሚውለው የባጃጅና የመኪና ጎማ ለዚህ ትንሽ ዕቃ የሚሆን ሥራ አይደለም። መብራት በጠፋ ሰዓት ግን አንድ የተሞላ መንፊያ በሱቁ ቢገኝ፣ ከገጠር የመጣውን ባለ ቢስክሌት ሳያሳድር ወደ ቤቱ ያሰናብተዋል።